የኢትዮጵያ የአትክልት አቅርቦት፦ ጥቅሉ ሲያድግ የነፍስ ወከፉ ለምን አልተከተለም?

ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በኢትዮጵያ የሚመረተው አትክልት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በመቂና በባቱ፣ በፎገራ ሜዳና በቆጋ ቀድሞ በበጋ ጦሙን ያድር የነበረ መሬት ዛሬ ሽንኩርትና ቲማቲም ያበቅላል። ያም ሆኖ ለአንድ ኢትዮጵያዊ በዓመት የሚደርሰው አትክልት በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ተርታ አልወጣም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደቻሉ ለመረዳት መጀመሪያ «አቅርቦት» የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚለካ ማየት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የአገሮችን የምግብ አቅርቦት ለማነጻጸር በብዛት የሚያገለግለው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የሚያወጣው የምግብ ሚዛን ሰንጠረዥ ነው። በዓመቱ በተመረተው ላይ ከውጭ የገባው ይደመራል፤ ወደ ውጭ የተላከው፣ ለዘርና ለመኖ የዋለው፣ ከማሳ እስከ ገበያ ባለው መንገድ የባከነው ይቀነሳል። የቀረው ለሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል የነፍስ ወከፍ አቅርቦት፣ ማለትም ለአንድ ሰው በአማካይ የሚደርሰው መጠን ይገኛል። ቁጥሩ የሚነግረን ለመበላት የቀረበውን እንጂ የተበላውን አይደለም። ጎመን ቤት ገብቶ ከማድቤት ቢጣልም እንደቀረበ ይቆጠራል። የአዲስ አበባ ነዋሪና የአፋር አርብቶ አደርም በአንድ አማካይ ውስጥ ይገባሉ።

በዚህ ስሌት የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ የአትክልት አቅርቦት ለአሥርት ዓመታት በዓመት 20 ኪሎ ግራም አካባቢና ከዚያ በታች ሲዋዥቅ ቆይቷል። 20 ኪሎ ለ365 ቀናት ሲከፈል በቀን 55 ግራም ገደማ ይመጣል፤ ይህም የአንድ መካከለኛ ሽንኩርት ግማሽ ነው። የዓለም አማካይ በዓመት 140 ኪሎ ገደማ ሲሆን የቻይና ከ300 ኪሎ በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ፋኦ ድንችንና መሰል ስራስሮችን ሳይጨምር አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራሉ፤ በዓመት 146 ኪሎ ማለት ነው። ፍራፍሬ የዚህን ግማሽ ይሸፍናል ብለን ብናስብ እንኳ ክፍተቱ ሰፊ ነው።

ይህን የቁጥር ሰንሰለት የሚያነብ ሰው ሦስት ስንጥቆችን ልብ ማለት አለበት። የመጀመሪያው በ1985 ያለው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው መረጃ ኤርትራን ይጨምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው አይጨምርም። ሁለተኛው ፋኦ የስሌት ዘዴውን በመለወጡ የመጣ ነው፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው በአዲሱ ዘዴ የተሰላ ስለሆነ ከቀድሞው ጋር በቀጥታ አጋጥሞ «ይህን ያህል አደገ» ማለት ያሳስታል። ሦስተኛው የሚካፈልበት የሕዝብ ቁጥር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በትንበያ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ከዓመት ዓመት የሚታየውን የአንድና የሁለት ኪሎ መውጣትና መውረድ ትቶ ረጅሙን አቅጣጫ ማየት ይሻላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ «አትክልት» የሚለው ቃል በሁለት መዝገብ ሁለት ነገር ይይዛል። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በየዓመቱ በሚያካሂደው የግብርና ናሙና ጥናት ቀይ ሽንኩርትን፣ ነጭ ሽንኩርትን፣ ካሮትንና ቀይ ሥርን ከድንችና ከጎደሬ ጋር «ስራስር» ውስጥ ያስገባቸዋል። አትክልት የሚላቸው ጎመንን፣ ጥቅል ጎመንን፣ ሰላጣን፣ ቲማቲምን፣ ቃሪያንና በርበሬን ነው። ፋኦ ግን ሽንኩርትን አትክልት ውስጥ ይቆጥራል። የአገር ውስጡን ሪፖርት ከዓለም አቀፉ ጋር ያለ ማስተካከያ የሚያወዳድር ሰው በኢትዮጵያ ገበያ ትልቁን ድርሻ ከያዙት ሰብሎች አንዱን አንዴ ያስገባል፣ አንዴ ያስወጣል።

በአገር ውስጡ መዝገብ አትክልት ተብሎ ከተመዘገበው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው በርበሬ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በርበሬ የሚደርቅ፣ የሚደለዝና የሚፈጭ ማጣፈጫ ነው፤ አንድ ቤተሰብ በቀን የሚበላው በማንኪያ የሚለካ ነው። አትክልት በጠቅላላው ከአገሪቱ የሰብል መሬት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ላይ የበርበሬው ሲነሳ እርጥቡ፣ በሳህን ላይ ቦታ የሚይዘው አትክልት የሚበቅልበት መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ይታያል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንሂድ። ቀዳሚው የሕዝብ ቁጥር ነው። በ1987ቱ ቆጠራ ኢትዮጵያ 53.5 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ በ1999ኙ ቆጠራ 73.8 ሚሊዮን ደረሰች። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ያለው ጭማሪ 38 በመቶ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የአትክልት ምርት በ38 በመቶ ቢያድግ ለአንድ ሰው የሚደርሰው በአንድ ግራም አይጨምርም፤ ዕድገቱ በሙሉ ያለውን ደረጃ ለማቆየት ይውላል። ዓመታዊው የሕዝብ ዕድገት 2.6 በመቶ ሲሆን ሕዝቡ በ27 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ምርቱ እጥፍ ሆኖም የነፍስ ወከፉ ባለበት የሚቆመው በዚህ ስሌት ነው።

የሕዝብ ቁጥር ግን ሙሉ መልስ አይደለም። የበቆሎና የስንዴ ምርት በዚሁ ዘመን ከሕዝቡ ፈጥኖ አድጓል። አትክልት ለምን እንደ እህሉ አልሄደም የሚለውን ለመመለስ የትኛው አትክልት እንዳደገ መለየት ይገባል። ያደገው በዋናነት የቁሌት አትክልት ነው።

ቀይ ሽንኩርት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በኢትዮጵያ ማድቤት ሽንኩርት ማለት በአብዛኛው የአበሻ ሽንኩርት ነበር፤ ደቃቃ፣ በአንድ ግንድ ብዙ ሆኖ የሚወጣ፣ ከዘር ፍሬ ሳይሆን ከራሱ ከኮረቱ የሚተከል። ገበሬው ለሚቀጥለው ዓመት ከምርቱ ብዙ ኩንታል ለተከላ ማስቀረት ነበረበት። በ1961 አካባቢ የተቋቋመው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለስምጥ ሸለቆ የሚስማሙ የሽንኩርት ዝርያዎችን ለይቶ አወጣ፤ አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። ዝርያዎቹ በዘር ፍሬ ይራባሉ፣ ኮረታቸው ትልቅ ነው፣ ለመላጥም ጊዜ አይፈጁም። ከሁሉ በላይ በስምጥ ሸለቆ አየር ላይ አብበው ዘር መስጠታቸው አርሶ አደሩ ዘሩን እዚያው እንዲያመርት አስቻለው። በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ የአበሻ ሽንኩርት ከከተማ ገበያ ወደ ጠርዝ ተገፋ።

ዝርያው ብቻውን ግን አይበቃም፤ ውሃ ያስፈልገዋል። በ1952 የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ፍሰት በማረጋጋቱ በላይኛው አዋሽ ትልልቅ የመስኖ እርሻዎች ተስፋፉ። ኑራ ኤራ፣ መርቲና ጥቢላ በ1967 የገጠር መሬት ከተወረሰ በኋላ በመንግሥት እርሻነት ቀጠሉ፤ መርቲ የቲማቲም ድልህ ማሸጊያ ነበረው፣ ፍሬው ደግሞ በኢትፍሩት ሱቆች በኩል አዲስ አበባ ይሸጥ ነበር። በደርግ ዘመን የነበረው የአትክልት አቅርቦት ማዕከል ይህ ነበር። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን አቅርቦቱን የያዘው ሌላ ዓይነት አምራች ነው፤ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ትንሽ የውሃ ሞተር ያለው፣ ግማሽ ወይም አንድ ሄክታር መሬት ተከራይቶ ወይም እኩል ተዋውሎ የሚያለማ ወጣት። ሞተሩ በባቱ ሐይቅ ዳር ወይም በመቂ ወንዝ ዳር ይቆማል፣ ቱቦው ወደ ቦዩ ይዘረጋል፣ ውሃው በየጥቂት ቀኑ ይለቀቃል። ይህ አሠራር ካፒታል ብዙም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ፈጥኖ ተስፋፋ። በዚያው መጠን ለነዳጅ ዋጋ ተጋላጭ ሆነ፤ መንግሥት በ2014 የነዳጅ ድጎማውን መቀነስ ሲጀምር እያንዳንዱ የውሃ ዙር ዋጋው ከፍ አለ።

ውሃውም ወሰን አለው። የባቱ ሐይቅ ከመቂና ከቀጣር ወንዞች ተቀብሎ በቡልቡላ በኩል አብያታን ይመግባል፤ በላይ የሚሳበው ሲበዛ ወደ ታች የሚደርሰው ያንሳል፣ አብያታም እየሸሸ ሄዷል። የሐረማያ ሐይቅ ከዚህም የከፋ ደረሰበት። ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየተሳበ፣ የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃም ከእሱ እየተቀዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ ደረቀ፤ ውሃ መመለስ የጀመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በዚያ አካባቢ አትክልት ለድሬዳዋና ለሐረር ብቻ አይበቅልም፤ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያም ይሻገራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተመረተ ድንችና ሽንኩርት በአገር ውስጥ እጥረት ባለበት ሳምንት ወደ ውጭ ሊወጣ የሚችለው ለዚህ ነው፤ ሰሜን ምዕራብ ግን በተመሳሳይ ወቅት በመተማ በኩል የሱዳን ሽንኩርት የሚገባበት ጊዜ አለ።

የአትክልት አቅርቦት በዓመት ሙሉ እኩል አለመሆኑ የዚህ ሁሉ ዋና ጠባይ ነው። ዘዴውን በቅርበት ለማየት የአንድን የሽንኩርት ማሳ ዙር እንከተል። ዘሩ በመደብ ላይ ይዘራና ስድስት ወይም ሰባት ሳምንት ይቆያል። ችግኙ እርሳስ ያህል ሲወፍር ይነቀልና በቦዩ ግራና ቀኝ፣ ጣት በማይሞላ ርቀት በእጅ ይተከላል፤ አንድ ሄክታር ለመትከል ብዙ የቀን ሠራተኛ ይጠይቃል። ከዚያ ሦስት ወይም አራት ወር ይኮተኮታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ መድኃኒት ይረጫል። ቅጠሉ ሲተኛ ምርቱ ደረሰ ማለት ነው። በጥቅሉ ዘሩ መደብ ላይ ከወደቀ እስኪነቀል አምስት ወር ገደማ ይፈጃል።

ይህ አምስት ወር የዋጋውን ምት ይወስነዋል። በክረምት ጥቁሩ አፈር ውሃ ይቋጥራል፣ የእርጥበት በሽታዎች ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ይመታሉ፤ ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ገበያው ይሳሳል። በዚያው ላይ እንቁጣጣሽና መስቀል ይመጣሉ። የዶሮ ወጥ ቁሌት የሚፈልገው ሽንኩርት ብዙ ስለሆነ ፍላጎቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይዘላል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ያን ዋጋ ያየ ሁሉ በመስከረም መደብ ያዘጋጃል፣ በጥቅምትና በኅዳር ይተክላል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተከለ ሁሉም በየካቲትና በመጋቢት ይነቅላል፤ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወድቃል። አንዳንዱ ለለቃሚና ለጆንያ የሚያወጣው ከሚያገኘው ስለሚበልጥ ምርቱን ማሳ ላይ ይተወዋል። የከሰረው በሚቀጥለው ዙር ይቀንሳል፣ እጥረቱ ይመለሳል። የዋጋው ምልክት የሚደርሰው ከአምስት ወር በኋላ ለሚመጣ ገበያ በመሆኑ አምራቹ ሁልጊዜ ያለፈውን ገበያ እየተከተለ ያመርታል።

ምርቱ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ መዋዠቅ ባልከፋ ነበር። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ በጥላ ሥር ለአንድና ለሁለት ሳምንት አንገቱ እስኪደርቅ ቢቆይ፣ ከዚያም አየር በሚዘዋወርበት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። አብዛኛው አምራች ግን ይህን አያደርግም፤ መጋዘን የለውም፣ የዘርና የመድኃኒት ዕዳ ይጠብቀዋል፣ የተከራየው መሬት ጊዜም ያልቃል። ስለዚህ ደላላው ማሳውን አይቶ በስልክ የአዲስ አበባን ዋጋ ይጠይቃል፤ ዋጋውን የሚወስነው በዚያ ሌሊት ስንት መኪና እንደገባ ነው። ከሰዓት በኋላ በኩንታል የታሰረው በአይሱዙ ላይ ይከመራል፤ ሌሊቱን ተጉዞ ከንጋት በፊት አትክልት ተራ ይገባል። ከፒያሳ በ2012 በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ የተዛወረው ይህ ገበያ ዛሬም የመዲናዋ ዋጋ የሚቆረጥበት ነው። ከጅምላ ነጋዴ ወደ ቸርቻሪ፣ ከቸርቻሪ ወደ ጉልት ሲወርድ እያንዳንዱ እጅ የሚበላሸውን አስቀድሞ ዋጋው ላይ ይጨምራል። በየክፍለ ከተማው የተከፈቱት የእሁድ ገበያዎች ከዚህ ሰንሰለት አንድ ሁለት እጅ ለማሳጠር የታሰቡ ናቸው።

ቲማቲም በዚህ መንገድ ላይ ከሽንኩርት ይበልጥ ይጎዳል። በእንጨት ሣጥን እስከ አፉ ተሞልቶ ሲጫን የላይኛው የታችኛውን ይጨፈልቀዋል፣ የሣጥኑ ጠርዝም ልጡን ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀው በማግስቱ ይሻግታል። በ2004 በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው ቱታ አብሶሉታ የተባለ ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪ ተባይ ደግሞ ገና በማሳ ሳለ ፍሬውን ይበሳል፣ አምራቹን ለተደጋጋሚ የመድኃኒት ርጭት ዳርጎታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታዘብ ይገባል። ኢትዮጵያ የማቀዝቀዣ ሰንሰለት፣ ማለትም ምርት ከማሳ ጀምሮ እስከ ተጠቃሚው በቅዝቃዜ የሚጓዝበትን ሥርዓት፣ መዘርጋት ትችላለች። ከባቱ ሐይቅ ዳር የሚቆረጠው ጽጌረዳ ከማሳ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ከዚያ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ ይሄዳል፤ አገሪቱም በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ ጽጌረዳ ላኪ ሆናለች። ለቲማቲም ያልተዘረጋው የገዥው ዋጋ ያን ወጪ ስለማይሸከም ነው።

ዘርም ሌላው ማነቆ ነው። ጥቅል ጎመንና ካሮት አብበው ዘር ለመስጠት ረጅም ብርድ ስለሚሹ ዘራቸው በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። በቲማቲምና በሽንኩርትም ዲቃላ ዘር፣ ማለትም ሁለት የተመረጡ ወላጆችን በማዳቀል የሚገኝና አርሶ አደሩ መልሶ ቢዘራው ጠባዩን የማይጠብቅ ዘር፣ እየተለመደ ነው። ምርቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን በየዙሩ መገዛት አለበት፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ የዘሩና የመድኃኒቱ ዋጋ ያንኑ ተከተለ። አዳማ ቀይን በራሱ ዘር ያበቅል የነበረ ገበሬ ከዚህ ንፋስ የተጠበቀ ነበር።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ የሽንኩርትና የቲማቲም ታሪክ ነው፤ ገበያው፣ ምርምሩ፣ ሞተሩና ደላላው የተሰለፉት ለእነሱ ነው። ጎመን ሌላ መንገድ ተጉዟል። የሐበሻ ጎመን አገሩ የኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ ዘሩን አያት ከአያት እየተቀባበለ፣ በጓሮ፣ ከበረት በሚወጣ ፍግና በእጣቢ ውሃ ሲበቅል ኖሯል። ብዙው ወደ ገበያ ስለማይወጣ በመዝገብ የሚገባው በግምት ነው። ቅጠል በአንድ ቀን ይጠወልጋል፤ ከመቂ በአይሱዙ ሊጫን አይችልም። ለዚህም ነው ከተሞች ጎመንና ሰላጣቸውን ከቅርብ የሚያመጡት። በአዲስ አበባ ይህ ቅርብ ቦታ በአብዛኛው የአቃቂ ወንዝና ገባሮቹ ዳር ነው፤ ወንዙ ደግሞ የከተማዋንና የፋብሪካዎቿን ፍሳሽ ይዞ ይወርዳል፣ በዚያ ውሃ በለሙ ቅጠሎች ላይ ጥናቶች ከባድ ብረቶችን በተደጋጋሚ አግኝተዋል። ከተማዋ ስትሰፋ የወንዝ ዳር ማሳዎቹም ወደ ቤትና ወደ መናፈሻ እየተለወጡ ነው።

ሁሉም የኢትዮጵያ ክፍል እንዲህ አይደለም። በኮንሶና በጋሞ ሽፈራው የሚባለው ዛፍ ቅጠል የዕለት ምግብ ነው፤ ኮንሶ ውስጥ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ድብልብል ጋር ይቀቀልና ኩርኩፋ ይሆናል። በጉራጌ ጎመን ከክትፎ ጎን የራሱ ቦታ አለው። በእነዚህ አካባቢዎች አትክልት ራሱ መብል ነው፤ በሰሜኑና በመሀሉ ግን በብዛት በወጥ ውስጥ የሚሟሟ መነሻ ነው። ልዩነቱ የድህነትና የሀብት ብቻ እንዳልሆነ፣ የማድቤት ሥርዓትም እንዳለበት ይህ ያሳያል። ብዙ ሰው ጾም አትክልት እንደሚያስበላ ያስባል፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከሚጾሙት በዓመት 180 ያህል ቀናት አንጻር ይህ ተገቢ ግምት ይመስላል። ሆኖም የጾም ወጥ በአብዛኛው ሽሮና ምስር ነው። በያይነቱ ላይ ጎመንና ቀይ ሥር በየመልኩ የሚደረደሩት በምግብ ቤትና ደህና ኑሮ ባለው ቤት ነው።

የዚህ ሁሉ ውጤት በዋጋና በአካል ላይ ይታያል። ከ2007 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ያለውን የሸማች ዋጋ የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ የዋጋ ንረት ከተቀነሰ በኋላ፣ አረንጓዴ ቅጠሎችን ጨምሮ በንጥረ ነገር የበለጸጉ የምግብ ዓይነቶች ከ19 እስከ 62 በመቶ ተወድደዋል። የእህልና የስራስር ዋጋ አልጨመረም፤ የዘይትና የስኳር እንዲያውም ወርዷል። ድሃ ቤተሰብ ሆዱን የሚሞላበት ረክሶ ወይም ባለበት ቆሞ፣ የሚገነባበት ተወደደበት ማለት ነው። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ባሉ ሕፃናት መካከል በቂ የምግብ ስብጥር ያገኙት 14 በመቶ ብቻ እንደሆኑ መዘገበ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በአዋቂዎች ላይ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናትም የሚመከረውን የአትክልትና የፍራፍሬ መጠን የማያገኙት ከመቶ ከ95 በላይ ነበሩ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ ተፎካካሪ መጥቷል። ከ2011 ጀምሮ የተስፋፋው የበጋ መስኖ ስንዴ ያንኑ ውሃና ያንኑ መሬት ይፈልጋል። በ2015 መጨረሻ በአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከ100 ብር በላይ ሲሸጥ ለእጥረቱ ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ የመሬት ሽግግር ነበር፤ የነዳጅና የመንገድ ጸጥታ ችግርም አብሮ ነበረበት። ከእነዚህ የየትኛው ድርሻ ይበልጣል ብሎ ለመለየት በየወረዳው በበጋ ምን እንደተዘራ የሚያሳይ መረጃ ያስፈልጋል። የናሙና ጥናቱ ዋና ትኩረት ግን የመኸር ወቅት ነው።

ማስረጃው ተደርድሮ ሲታይ ጉድለቱን በመሬት እጥረት ማሳበብ አያስኬድም። አገሪቱ ለአትክልት የሰጠችው ከሰብል መሬቷ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ በሽንኩርት ከሄክታር የሚገኘው አማካይ ምርት ደግሞ 100 ኩንታል አካባቢ ሲሆን በምርምር ጣቢያ ተመሳሳይ ዝርያዎች ከ300 ኩንታል በላይ ይሰጣሉ። ምርታማነትን ብቻ መግፋትም አይበቃም፤ በየካቲት ለሚጥለቀለቅ ገበያ ተጨማሪ ኩንታል ማምጣት አምራቹን ያከስረዋል እንጂ የነሐሴን ጉልት አይሞላም። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ በመቂ፣ በባቱና በፎገራ፣ ምርቱ ከሚነቀልበት አጠገብ፣ ሽንኩርት የሚደርቅበትና ሁለት ሦስት ወር የሚቀመጥበት አየር የሚያስገባ መጋዘን መሥራትና አምራቹ እስከዚያ የሚቆይበትን ብድር ማመቻቸት ነው። ይህ የረቀቀ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ እንጨት፣ ሽቦ ወንፊትና ጣሪያ ይበቃዋል። ጎመንን በተመለከተ ያለው ክፍተት ከዚህ የተለየ ነው። ምርምሩም፣ የዘር ሥራውም፣ ስታቲስቲክሱም ለሽንኩርት የሰጡትን ትኩረት ለቅጠሉ አልሰጡትም። ለከተሞች ንጹሕ ውሃ ያለው የቅርብ ማሳ ካልተከለለ፣ ከአቃቂ ዳር የሚነሳው ጎመን ሲጠፋ የሚተካው አይኖርም፤ ይህ ደግሞ ከንቲባዎችና የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤቶች ዛሬ፣ መሬቱ ገና ሳያልቅ፣ ሊወስኑት የሚገባ ጉዳይ ነው።